ቀባሪ አላችሁ?

ባለፈው በጋ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከሚሴ ከሚስቴ አጎት ሳሎን ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። ፊልሙ ድሮ አገራቸውን ጥለው አሜሪካ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ነው፤ ንግግሩ ወደ አማርኛ ተመልሷል። አንዱ ሰፋሪ ስኮትላንድ ከሚባል አገር የተነሣ ነው። አገሩ ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ በግና ገብስ ነው። መሬቱ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ሲያስመርረው ሱፍ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ባሕር ተሻግሮ አንድ ሰፊ ሜዳ ገባ። ከዚያ በኩራት «ሰው ያልረገጠው ባዶ ምድር አገኘሁ» ይላል። ይህን ሲል ከኋላው ጉብታው ላይ ሰዎች በፈረስ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩታል። ሚስቴ ብርጭቆዋን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ይኼ አንተ አይደለህም እንዴ!» አለችኝ።

እኔ ነገሩ አልጣመኝም። አንደኛ፣ እኔ ባሕር አልተሻገርኩም። የተሻገርኩት ቦርከና ወንዝን ነው፣ እሱንም በበጋ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ። ሁለተኛ፣ ሰው ያልረገጠው ምድር አገኘሁ ብዬ አላውቅም፤ መሬቱ ባዶ ነው ያሉኝ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው ፊልሙን የሚያዩት የሚስቴ አጎት ናቸው። እሳቸው አባታቸው በንግድ ወደ ከሚሴ ወርደው የቀሩ፣ ራሳቸውም በጨርቅ ንግድ ያረጁ የከተማ ሰው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ የጨፋ ረግረግ የሚጀምርበት ዳር ማሳ ነበራቸው። እግራቸው ሲደክም «ባዶውን ከሚቀመጥ ኑና እረሱት» ብለው ላኩብን። እኛም መንዝ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንጋፋባት መሬት አንድ በሬ ተኝቶ ቢገላበጥባት ጅራቱ የጎረቤት ማሳ የሚገባባት ነበረችና ሳንለመን ወረድን።

ስወርድ ሁለት ባና፣ አንድ ጆንያ የገብስ ዘርና ቆለኛ እርሻ አያውቅም የሚል ጽኑ እምነት ይዤ ነበር። ባና እንግዲህ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው ጥቁር ብርድ ልብስ ነው፤ እኛ አገር ያለ እሱ የሚነጋለት የለም። ከሚሴ ከመኪና ስወርድ ሁለቱን ባናዎች ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ነበር፤ አንዱ የባጃጅ ነጂ ዞር ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ በጎቹ በሕይወት አሉ?» አለኝ። ገብሱ በቀለና ገና ሳያፈራ ሙቀቱ ጨረሰው። እምነቱ ከገብሱ ትንሽ ሰንብቶ ሞተ።

ባዶ የተባለው መሬት ደግሞ ባዶ ያልሆነው ነገሩ ብዙ ነበር። ከማሳው ዳር ያለው የግራር ጥላ ሳይቀር ባለቤት ነበረው፤ የሰፈሩ ሽማግሎች ሸንጎ ነው። ጎረቤቶቼ አያት ቅድመ አያቶቻቸው እዚያው የተቀበሩ ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው። ሰው አክባሪነታቸው አያድርስ ነው። «አካም ቡልተኒ?» ብለው ይጀምራሉ። እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ከዚያ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጤናው፣ ከዚያ ደግሞ «እርስዎስ?» ተብሎ እንደ አዲስ ከልጆቹ ይጀመራል። እነሱ አንዱን ሰላምታ እስኪጨርሱ አንድ መንዜ ግማሽ ጥማድ ያርሳል። በአማርኛ የጀመሩትን ወሬ ልክ የሚጥመው ቦታ ሲደርስ በኦሮምኛ ይጨርሱታል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የሚያሙኝ እየመሰለኝ ጆሮዬን ቀስሬ ስሰማ ከረምኩ። ቋንቋው ሲገባኝ ወሬው ሁሉ ስለ አንዲት አልወልድ ስላለች ላም ሆኖ አገኘሁት። በእውነት ትንሽ ቅር አለኝ።

ከጎረቤቶቼ ሁሉ ቅርቤ አንድ ሸህ ናቸው። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ረጅም ከዘራ ይዘው ከማሳዬ ጋር የሚዋሰነውን ማሽላቸውን ሲዞሩ ይውላሉ። የመጀመሪያው ቀን መጥተው እንኳን ደህና መጣህ አሉኝ፣ ወተት አስላኩልኝ፣ መንዜ መሆኔን ሲሰሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «ያ መንዜ» ነው የሚሉኝ። ሚስቴ «የመንዜ ሚስት»፣ ውሻችን «የመንዜ ውሻ» ነው።

እንግዲህ እኔም መንዜ ነኝና እንደ አገሬ ካብ ካብኩ። እኛ ዘንድ መሬት ያለ ካብ ራቁቱን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል፤ ማሳው ዙሪያውን በድንጋይ ካልታጠረ ባለቤቱ ሰነፍ ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። ከኮረብታው ሥር በተከራየሁት አህያ እያጋዝኩ ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ካብኩ። ጎረቤቶቼ ቆመው አዩኝ። ከዚያ እያዘኑልኝ ይሁን እያከበሩኝ እንጃ፣ ሸክሙን አገዙኝ። ትልልቁን ድንጋይ «ቢስሚላህ» እያሉ ከአህያው ላይ ያወርዱልኛል፣ ውሃ ያጠጡኛል፣ አይዞህ ይሉኛል። አንድም ሰው ግን ካቡን የካብኩት በከብት መንገድ ላይ ነው አላለኝም። እንግዳን ሥራው ላይ ማረም ነውር ነዋ!

በጋው ገባ። ሣር ሲደርቅ ከየአቅጣጫው ከብት ወደ ረግረጉ ይወርዳል። አንድ ጠዋት ብወጣ ከካቤ ወዲያ ማዶ የላም ቀንድ እንጂ ሌላ አይታይም። ከብቱ ቆሟል፣ እረኞቹ ቆመዋል፣ ሸሁ ከፊት ቆመዋል። ሰላምታውን ከላይ እስከ ታች ሳያጓድሉ ጨረሱ። ከዚያ ካቡን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና፣

«ያ መንዜ፣ ማሻአላህ፣ ካብህ ያምራል» አሉኝ። «ላሞቹም ቆመው እያዩልህ ነው።»

እኔ ደግሞ በሕግ የመጡብኝ መሰለኝ። «ሸህ፣ ይኼ እኮ በድንበሬ ውስጥ ነው» አልኩ።

«ልክ ነህ» አሉ። ዞር ብለው ለእረኞቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ያ ሁሉ ከብት ግልብጥ ብሎ በሸሁ የራሳቸው ማሽላ ውስጥ አለፈ። ገና ያልታጨደ ማሽላ። እሳቸው ቆመው ያያሉ፣ እኔም ቆሜ አያለሁ። ሚስቴ ከደጃፍ ሆና «እሰይ! አሁን ደስ አለህ?» አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ድንጋይ የያዘውም እንደዚያው ነው መሰለኝ፤ ለማፍረስ ሁለት ቀን ታገልኩ ከራሴ ጋር። በመጨረሻ አፈረስኩት። አሁንም ቢሆን የሚያምር ካብ ነበር እላለሁ፤ በዚያ ላይ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ሳፈርስ እነዚያው ሰዎች መጥተው አገዙኝ። ሸሁ ድንጋዩን አገላብጠው አዩና «ይኼ ለመቃብር ጥሩ ነው። እኛ ከሩቅ ነው የምናጋዘው። ብንወስደው ትፈቅዳለህ?» አሉ። ውሰዱልኝ እንጂ፣ እኔ ከዚህ ወዲያ ድንጋይ ማየት አልፈልግም አልኩ። ወሰዱት። እኔም ረሳሁት።

በዓመቱ እናቴን አመጣኋት። እናቴ ከወንድሜ ጋር መንዝ ነበረች። ጉልበቷን ብርዱ እየያዘው ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት ሐኪሙ ሞቅ ያለ አገር ይሻላታል አለ። እሷ ወደ ቆላ ለመውረድ አልፈለገችም፤ ወንድሜ ለምኖ፣ ንስሐ አባቷ ገዝተው፣ በግድ ነው የወረደችው። ቤታችን ደጃፍ ከባጃጅ ስናወርዳት ቤቱን አላየችም፣ ማሳውን አላየችም፣ አጎበሩን ሳሳያት ፊቷን አዞረች። ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝና፣

«ቀባሪ አላችሁ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ገና መምጣትሽ እኮ ነው!»

«መምጣቴንማ እኔም አውቃለሁ። ስሄድ ማን ያነሣኛል ነው የምልህ።»

ይህን እንደ ቀልድ ያየው ሰው እናቴን አያውቃትም። እናቴ ሞትን አትፈራም፤ ስለ ሞት የምታወራው ስለ ገበያ እንደምታወራው ነው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው በሌለበት መቀበር። ልጅ ሆና በድርቅ ጊዜ አንድ መንገደኛ ደጃቸው ወድቆ ሲሞት አባቷ ብቻቸውን ጎትተው እንደቀበሩት አይታለች። ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። «ሰውዬው ተጎተተ እኮ» ትላለች እስከ ዛሬ። መንዝ ሳለች እድሯን ከጾሟ እኩል ነበር የምታከብረው። ዕቃዋን የቋጠረችበትን ነጠላ አልፈታችውም። «ቀባሪ ስታገኝልኝ እፈታዋለሁ፤ አለዚያ ወደ አገሬ ትመልሰኛለህ» አለችና ጥቅልሉን ራስጌዋ አስቀመጠችው።

በዚህ አገር ቀባሪው ቅሬ ይባላል። እድር እንደማለት ነው፤ ግን እንደኛ እድር አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደርሳል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳትና ውሃ ይከለከላል ይባላል፤ ጎረቤት ፍም አያቀብለውም፣ ከአንድ ጉድጓድ አይቀዳም። ስለዚህ ሸሁ ዘንድ ሄድኩ። መንዜ ነኝና በወጉ ነው የሄድኩት፤ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቆሜ፣ ወደ ቅሬ እንዲያስገቡኝ ለመንኩ።

ሸሁ ግራ የገባቸው ይመስል አዩኝ። ከዚያ «እናያለን፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

ሳምንት ቆይቼ ጠየቅኩ። «ምን ያስቸኩልሃል?» አሉኝ። ወር ቆይቼ ጠየቅኩ። «እናትህ ደህና ናቸው አይደል? አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እኔ ቤት ስገባ እናቴ ምንም አትጠይቀኝም፤ ጥቅልሏን እያየች «እ?» ትላለች። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲሰነብት ጨርቅ ነው ይባላል፤ ጨርቅ ላይ ደርሻለሁ ብዬ ደመደምኩ። ለሚስቴ «ይኸው፣ ፈገግ እያሉ ነው የሚገፉህ! ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የተባለው ለዚህ ነው» እያልኩ እበሳጫለሁ። እሷ ደግሞ «ካቡን ያየ ሰው አንተን ቅሬ ለማስገባት ቢያስብበት ምን ይገርማል?» ትለኛለች። የማን ወገን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ይባስ ብሎ እናቴን ወባ ያዛት። ከሚሴ ጤና ጣቢያ አድርሰን መድኃኒት ተሰጣት፤ ቤት ተኝታ ስትቃዥ የሰፈሩ ሴቶች ወተት እየያዙ ይመጡና ዙሪያዋን ይቀመጣሉ። እናቴ ሲቀልላት ወደ እኔ ጎንበስ በል አለችኝና «እነዚህ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት? መቼ እንደምሞት ሊያውቁ ነው?» አለችኝ። «ሊጠይቁሽ ነው» አልኳት። «ቀባሪዎቼ ካልሆኑ ምን አገባቸው?» አለች። ወተቱን ግን ጠጣችው። በዚያ ሳምንት እኔ ራሴ ፈራሁ። እውነቴን ነው፤ አንድ ነገር ብትሆን እንደዚያ መንገደኛ ብቻዬን ስጎትታት ይታየኝ ነበር። ሌሊት አልተኛም፣ ቀን ሥራ አልሠራም። እግዜር ይመስገን ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከጉብታው ላይ ጥሪ ተሰማ። አንድ ሰው እየጮኸ ሞት ሲያስታውቅ ነው፤ ከማዶ ሰፈር አንድ አዛውንት ማረፋቸውን ተናገረ። እኔ በሬ ልገዛ ወደ ሰንበቴ ገበያ ለመሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አሰብኩበት። የቅሬ አባል አይደለሁም። አባል ያልሆነ ሰው ሳይጠራ ቀብር ገብቶ አካፋ ቢያነሣ እኛ አገር ደፋር ይባላል፤ «አስገቡኝ» ብሎ በሬሳ ላይ መማጸን ይመስላል። ስለዚህ በጨዋነቴ ሄድኩ፤ ገበያዬን ዋልኩ። ነፍስ ይማር ማለትን ግን አልረሳሁም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ብያለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሸሁ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ደጄ ቆመው አገኘኋቸው። «ሰላም» አሉኝ። በቃ፣ ያችኑ። ልጆቹን አልጠየቁም፣ ከብቱን አልጠየቁም፣ ዝናቡን አላነሡም። በዚህ አገር ሰላምታ ካጠረ ነገሩ ከባድ ነው።

«ትናንት የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ሰንበቴ።»

«ጥሪውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

ሦስቱም ተያዩ። አንደኛው ሽማግሌ በኦሮምኛ «ሰምቻለሁ ይላል» አለ፤ ሌላው «አስተግፊሩላህ» አለ።

«ኧረ ሸህ፣ እኔ እኮ አባል አይደለሁም!» አልኩ።

ሸሁ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «አባል አይደለሁም? ድንጋይህ ከገባ ስንት ጊዜው! ባለፈው የቀበርናቸው ሰዎች ሁሉ ያንተ ድንጋይ ነው ያለባቸው። ድንጋዩ ቅሬ ገብቶ ባለቤቱ ውጭ ይቀራል?»

«ታዲያ ስለምንዎት እናያለን ሲሉኝ?»

«ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግባ በሉኝ ብሎ ደጅ ሲመጣ ምን ይሉታል? ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ ብዬ ሳስብልህ ከረምኩ። ባለጉዳይ መሰልከኝ። ያንተ ጉዳይ ምን እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቅ።»

ለካ እኔ መዝገብ ስጠብቅ፣ ስሜ ይጠራል ብዬ ስጠብቅ፣ እነሱ ካቤን ሳፈርስ ጨርሰውኛል። በግራሩ ሥር ተቀምጠው ፈረዱብኝ። ቅጣቴ ለለቀስተኞቹ ቤት እንጨት ፈልጬ ማቅረብና በሚቀጥለው ቀብር መጀመሪያ ዶማ ማንሣት ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ከደጃፍ ወንበሯ ላይ ሆና ታዳምጣለች። ሸሁ ጨርሰው ሲነሡ «ምን ተባለ?» አለችኝ።

«ተቀጣሁ» አልኳት።

«በምን?»

«ከቀብር ቀርተሃል ተብዬ።»

እናቴ ያን የታመመ ጉልበቷን ረስታ ቀጥ ብላ ቆመችና እልል አለች። ሦስት ጊዜ፣ በመንዝ እልልታ፣ እስከ ማዶ እስኪሰማ። ሰው በሞተ በማግሥቱ! ሽማግሎቹ ደንግጠው ቆሙ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሸሁ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞረው «እናትህ ስትቀጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ደስ የሚላቸው?» አሉኝ።

በዚያኑ ቀን ጥቅልሉ ተፈታ።

ከዚያ ወዲያ እናቴን የሚይዛት ጠፋ። ከማንም በላይ ቅሬዋን ያዘች። ጥሪ ሲሰማ እኔን የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት፤ ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኼ ነው ብላት እንኳ አትሰማኝም። ለቅሶ ቤት ሩቅ ከሆነ ባጃጅ ታስጠራለች፣ ነጂውን በመንገድ ሁሉ እየጨቀጨቀች ትሄዳለች። ከሙስሊም ሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ «አካም ቡልተኒ» ትላለች፣ «ነጋያ»፣ ደህና ነን፣ ሲሏት «ገለተ ረቢ»፣ ለፈጣሪ ምስጋና፣ ትላለች። የተማረችው ኦሮምኛ ሁሉ ለለቅሶ የሚሆነው ብቻ ነው። ሠርግ ብንወስዳት ምን እንደምትል እንጃ። ሥጋው የየራስ ነው፤ እሷ ከነሱ ድስት አትበላም፣ እነሱም ከሷ አይበሉም፤ ቂጣና ወተት ላይ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። መንዝ ላሉ ዘመዶች ስትደውል «እኔ እዚህ የቅሬ ሰው ነኝ» ትላለች፤ ሹመት ያገኘች ነው የሚመስለው።

ያለፈው ጥር እንደገና ደከመች። ልብ ነው አለ ሐኪሙ፤ ከእንግዲህ ማረፍ ነው አለ። ነገሩ ወንድሜ ጆሮ ደረሰ። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፣ ግን ታላቅ ነው፤ ታላቅነቱን የሚያስታውሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሳይደውል፣ ከመሐል ሜዳ መኪና ተኮናትሮ፣ አንድ ጠዋት ደጃችን ደረሰ። የኋላ ወንበሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል።

«እናቴ በሰው አገር አትሞትም» አለ። «አፈሯ መንዝ ነው። አባታችን እዚያ ነው ያለው። ዛሬውኑ እንሄዳለን።»

ምን ልበለው? የአባቴ መቃብር እዚያ ነው፤ ይኼ እውነት ነው። የመኪና ድምፅ የሰሙ ጎረቤቶች መጡ። ሸሁም መጡ። ሰላምታቸውን ለወንድሜ ሳያጓድሉ አቀረቡ፤ ወንድሜ ችኩል ነውና ልጆቹ ላይ ሲደርሱ ትዕግሥቱ አለቀ። «አባቴ፣ እናቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አላቸው።

«ዱጉማ? እውነትህን ነው? መልካም» አሉ ሸሁ። «እናት ናት፤ ትወስዳለህ። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ካረፉ ቅሬው ሁሉ መምጣት አለበት። የቅሬ ሰው ናቸውና መቅረት አይቻልም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ» ብለው ወደ ጎረቤቶቼ ጠቆሙ፣ «ውርጭ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። አንተ አገር አንድ ሌሊት ቢያድሩ ሌላ ቀብር ይሆንብሃል። እዘንልን።»

ሰዉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። «እዚያ እድር አለን» አለ።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ጠራችው። «ና፣ ቅረብ። የታች ቤቱ ጎረቤታችን ልጅ፣ ያ ጠንካራው፣ ደህና ነው?»

«ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል።»

«ወንድሙስ?»

«እሱም እዚያው ነው።»

«የወፍጮ ቤቱ ሰውዬስ?»

«ልጆቹ አዲስ አበባ ወሰዱት።»

«ያ ጥሩንባ የሚነፋውስ?»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «አርፏል፣ እማዬ።»

«አፈር ይቅለለው። ማን ቀበረው?»

«ቄሱና እኔ» አለ። «ከላይ ሰፈርም ሁለት ሽማግሎች መጥተው ነበር።»

እናቴ እጁን ያዘችው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። «እና እኔን በጀርባህ አዝለህ ልትወስደኝ ነው፣ ልጄ?» አለችው። «አባትህ አይቀየመኝም። እሱ ሰው እያለ ነው የሄደው። እኔ ሰው ወዳለበት ልሂድ።»

ወንድሜ ቀኑን ዋለ፤ ምሳ በላ፣ ማሳዬን አየ፣ ካብ የለህም ብሎ ሰደበኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሽንኩርት ጭነንለት በዚያው መኪና ተመለሰ፣ ሽንኩርቱ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ። እናቴን ደግፈን ደጃፍ አውጥተናት ነበር። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔ አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

«እማዬ፣ ምነው? ቀረሽ አይደል? እንደፈለግሽው ሆነ።»

«ለራሴ አይደለም» አለች። «እሱን ማን ይቀብረዋል?»

ሸሁ በከዘራቸው መኪናው የሄደበትን መንገድ ጠቆሙ።

«ታዲያ እኛ የማን ቀባሪ ነን?» አሉ። «ብርዱ ነው እንጂ መንገዱ ቅርብ ነው።»